ጓዜን በአንድ ትእዛዝ፦ የሊኑክስ ሴቲንጌን አዲስ ላፕቶፕ ላይ የመመለስ ሥራ፣ ከደሴ

ሐምሌ 3፣ ማታ

አዲሱ ላፕቶፕ ዛሬ እጄ ገባ። አዲስ የምለው ለእኔ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ያገለገለ ነው። 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው። ለእኔ ሥራ ይበቃል። የድሮው ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ክረምት ላይ በዚህ ዓይነት ማሽን መሥራት ከባድ ነው።

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ የኅትመት ቤት ነው። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እናዘጋጃለን። አብዛኛው ሥራ በአማርኛ ነው። ስለዚህ ማሽኔ ላይ ፎንቱ፣ ኪቦርዱ፣ የወረቀቱ መጠን ሁሉ ልክ መሆን አለበት። አንዷ ከተዛባች ወረቀት ይበላሻል። ወረቀት ደግሞ ውድ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሀርድ ዲስክ ሞቶብኛል። የደንበኞች ፋይል ባክአፕ ነበረኝ። የሴቲንግ ባክአፕ ግን አልነበረኝም። ሊኑክሱን መልሶ መጫን አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ማሽኑ እጄ የለመደው ማሽን እስኪሆን ግን ሦስት ቀን ሄደ። ከዚያ በኋላም ለወራት «ይቺን እንዴት ነበር ያስተካከልኳት?» እያልኩ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ያ እንዳይደገም ነው ይሄን ሥራ የጀመርኩት።

የምፈልገው ይሄን ነው፦ ንጹሕ ኡቡንቱ 24.04 (የምጠቀመው የሊኑክስ ዓይነት) ከተጫነ በኋላ አንድ ትእዛዝ ሰጥቼ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ መጀመር። «ያለ ኢንተርኔት» የምትለዋን አጥብቄ ይዣታለሁ። ዳታ ገንዘብ ነው። ኔትወርክም በተፈለገበት ሰዓት ሁሉ አይገኝም። ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ የሚሠራ ስክሪፕት (ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ፋይል) ለእኔ ገና ያላለቀ ስክሪፕት ነው።

ሐምሌ 4

ዛሬ ጓዝ ቆጠራ ነው። ያለኝን ሳላውቅ መጠቅለል አልችልም።

የድሮው ማሽን ላይ «አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ሌላ ፕሮግራም ፈልጓቸው ተጎትተው የገቡትን ትቶ፣ ታስቦባቸው የተጫኑትን ብቻ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ግን ረዘመብኝ። ኡቡንቱ ራሱ ሲጫን ይዟቸው የመጣውም እዚያው ተቀላቅለዋል። አንድ በአንድ ወርጄባቸው 33 ቀሩኝ።

ከዚያ የጽሑፍ ፋይል ከፍቼ፣ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ለምን እንደምፈልገው በአማርኛ ጻፍኩ። ኢንክስኬፕ፣ ለጥሪ ካርድ። ስክራይበስ፣ ለመጽሔት ገጽ ቅንብር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ምክንያቱን መጻፍ ያቃተኝን ሰረዝኩት። ስድስት ፕሮግራም በዚህ መንገድ ወጣ። 27 ቀረ።

ይሄን ለሴቲንግም ሕግ አደረግኩት። ምክንያቱ ያልተጻፈ ሴቲንግ ጓዜ ውስጥ አይገባም። ከዓመት በኋላ ሳየው የሚጠቅመኝ ቁጥሩ አይደለም፤ ያን ቁጥር ለምን እንደመረጥኩት ነው።

ሐምሌ 6

ሴቲንጉን አዲስ ማሽን ላይ የሚያስቀምጥልኝ መሣሪያ መረጣ ላይ ሁለት ምሽት አጠፋሁ። አንሲብልን አየሁት። ሠላሳ አርባ ኮምፒውተር ላለው መሥሪያ ቤት ከሱ የተሻለ አላውቅም፤ ለአንድ ላፕቶፕ ግን በዛብኝ። ሼሟ ጥሩ ነው፤ ማሽን ከማሽን ሲለያይ ልዩነቱን በደንብ ይይዛል። በመጨረሻ ጂኤንዩ ስቶውን መረጥኩ። በፐርል የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሠራውንም በዓይን ማየት ይቻላል። ሲበላሽ ምክንያቱን ራሴ የማገኘው መሣሪያ ይሻለኛል።

ለጀማሪ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ሊኑክስ ላይ የአብዛኛው ፕሮግራም ሴቲንግ ሆም ፎልደር ውስጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ግን አይታይም። ይሄ የነጥብ ነገር ታስቦበት የመጣ አይደለም። ጥንት ዩኒክስ ላይ ፋይል የሚዘረዝረው ፕሮግራም «ነጥብ» እና «ነጥብ ነጥብ» የሚባሉትን ሁለት ስሞች እንዳያሳይ ተፈለገ። የጻፈው ሰው የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይቶ እንዲያልፍ አደረገው። በዚያች አቋራጭ ምክንያት በነጥብ የሚጀምር ፋይል ሁሉ ተሸሸገ። ፕሮግራመሮችም ቦታውን ወደዱትና ሴቲንጋቸውን እዚያ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሰው ባክአፕ ሲያደርግ የሚረሳቸውም ስለማይታዩ ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ሆም ፎልደር ውስጥ አንድ ፎልደር ከፈትኩ፤ ስሙን «ጓዝ» አልኩት። እውነተኛዎቹ ፋይሎች እዚያ ይቀመጣሉ። ስቶው ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፋይሉን በሚፈልግበት ቦታ ላይ ወደ ጓዝ የሚያመለክት ሊንክ ይተክላል። ጓዝን በጊት ይዤዋለሁ። ስለዚህ መቼ ምን እንደቀየርኩ ይታያል፤ ከተበላሸም ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሄደም። ስቶው የባሽን (ተርሚናል ላይ የምንጽፈውን ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ሴቲንግ ፋይል ሊተክል ሲል እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ፋይል አገኘና ሥራውን በሙሉ አቆመ። ልክ ነው፤ ኡቡንቱ አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር የራሱን የባሽ ፋይል ያስቀምጣል። ስቶው «አዶፕት» የሚባል አማራጭ አለው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚያ ያገኘውን ፋይል አንስቶ ጓዝ ውስጥ የእኔን ይተካበታል። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ መጀመሪያ የነበረውን ፋይል ቀኑ ወደተጻፈበት የባክአፕ ፎልደር እንዲያዞረው አደረግኩ። ሊንኩን ከዚያ በኋላ ይተክላል።

ሐምሌ 7

ዛሬ የተማርኩት ዋጋ አለው፤ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ሙከራውን የማደርገው የድሮው ላፕቶፕ ላይ በቨርቹዋልቦክስ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ንጹሕ ኡቡንቱ ጭኜ ስናፕሾት ያዝኩ። ባበላሽም በግማሽ ደቂቃ ወደ ንጹሑ እመለሳለሁ። ለሙከራም አዲስ ተጠቃሚ ፈጠርኩ። ስቶውን አስነሳሁት። ያለ ምንም ስህተት አለቀ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ጓዝ ውስጥ ገብቼ ጊትን ምን ተቀየረ ብዬ ስጠይቀው በማላውቃቸው ፋይሎች ተሞልቷል። ያልጻፍኩት ነገር ሁሉ እዚያ ነው። ትንሽ ካሰስኩ በኋላ ገባኝ። አዲሱ ተጠቃሚ ገና ዴስክቶፑ ውስጥ ስላልገባ «ነጥብ ኮንፊግ» የሚባለው ፎልደር አልነበረውም። ስቶው ደግሞ ፎልደሩ ከሌለ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አያገናኝም። ፎልደሩን ራሱን አንድ ሊንክ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፕሮግራም ሴቲንጉን ልጻፍ ሲል የሚጽፈው ጓዝ ውስጥ ነው። ሳላየው ኮሚት ባደርግ (ጊት ውስጥ ባስመዘግበው) ኖሮ የማይገባ ነገር ሁሉ ይገባ ነበር።

መፍትሔው «ኖ-ፎልዲንግ» የምትባለው አማራጭ ናት። እሷ ስትኖር ስቶው እውነተኛ ፎልደር ይፈጥርና ፋይሎቹን ብቻ በሊንክ ያገናኛል። አሁን ስክሪፕቱ ውስጥ ሁልጊዜ አለች። ከጎኗም ለምን እንዳለች ጽፌያለሁ።

ሐምሌ 9

የዴስክቶፑ ሴቲንግ ሌላ ጉዳይ ነው። ግኖም፣ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ፣ ሴቲንጉን በጽሑፍ ፋይል አይዝም። ዲኮንፍ በሚባል መዝገብ ውስጥ ሰው በማያነበው መልክ ያስቀምጠዋል። እሱን ወደ ጽሑፍ የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ «ዲኮንፍ ዳምፕ»። አወጣሁት። ብዙ መቶ መስመር ሆነ። የመስኮት ስፋት፣ መጨረሻ የተከፈተ ፎልደር፣ ምኑም ምኑም አለበት። ያን ሁሉ አዲስ ማሽን ላይ መድፋት አልፈለግኩም።

የተሻለው ዘዴ ይሄ ነው። ተርሚናል ከፍቼ «ዲኮንፍ ዋች» ብዬ አንድ እዝባር አስከተልኩ። ዝም አለ። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከጎኑ የሴቲንግ መስኮቱን ከፈትኩ። ማታ ማታ ስክሪኑን ብርቱካንማ የሚያደርገውን ናይት ላይት ነካሁ። ወዲያው ተርሚናሉ ላይ መስመር ብቅ አለ፤ መንገዱ፣ «ናይት-ላይት-ኢኔብልድ» የሚል ስም፣ ከሥሩ «ትሩ»። መልሼ አጠፋሁት፤ «ፎልስ» አለ። በእጄ የነካሁት ነገር ስሙ ማን እንደሆነ ራሱ ይነግረኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀለለ። አንዷን ሴቲንግ እነካለሁ፣ መስመሯን እገለብጣለሁ፣ ከላይዋ ለምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ቡና አፍልተው ጠርተውኝ ስለነበር አቦሉን ጠጥቼ ተመለስኩ። ቶናው ሳይደርስ ቸኩዬ በመነሳቴ ተቆጡኝ። ማታ ላይ 21 መስመር ይዤ ጨረስኩ። የብዙ ዓመት ልምዴ ዴስክቶፑ ላይ 21 መስመር ነው።

ሐምሌ 11

አማርኛ። የዚህ ሥራ ልብ ይሄ ነው።

ኪቦርዱ የሚመጣው ኤም17ኤን በሚባለው ስብስብ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ «ብዙ ቋንቋ ማድረግ» የሚል ረጅም ቃል ነው፤ በኤም ይጀምራል፣ በኤን ያልቃል፣ መሃል ላይ 17 ፊደል አለ። እኔ የምጠቀመው ሴራ የሚባለውን አጻጻፍ ነው። ሀሳቡ ቀላል ነው። ተነባቢውን ትመታለህ፣ አናባቢውን ታስከትላለህ። «ደሴ» ለማለት ዲ፣ ትንሿ ኢ፣ ኤስ፣ ከዚያ በሺፍት ትልቋ ኢ። ትንሿ ኢ ግዕዝ ታወጣለች፣ ትልቋ ኢ ኀምስ። አናባቢ ካላስከተልክ ሳድስ ይሆናል። እጅ ከለመደው ሳያስቡት ይሄዳል። ከ230 በላይ ፊደል በአንድ ተራ ኪቦርድ።

ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ተጭኖም ኪቦርዱ ዝርዝሩ ውስጥ አልታየም። የኪቦርድ ምርጫውን የሚያስተዳድረው አይባስ እንደገና መነሳት አለበት፤ እኔ ወጥቼ መግባትን መረጥኩ። ሁለተኛ፣ የኪቦርዱ ምርጫ ራሱ ዲኮንፍ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። «ኢንፑት-ሶርስስ» በሚለው ሥር ሁለት ጥንድ ጻፍኩ፤ አንዱ የአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው «ኤም17ኤን፡ አም፡ ሴራ»። ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። እንግሊዝኛው ቀድሞ ካልተቀመጠ ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ልጽፍ ስል አማርኛ ይወጣል።

እዚህ ላይ የፎልደሩን ስም መቀየር ግድ ሆነብኝ። «ጓዝ» በአማርኛ ፊደል ነበር የተጻፈው። ሊኑክስ ምንም ችግር የለበትም። ግን አዲስ ማሽን ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ገና አልተጫነም። ኪቦርዱን የሚጭነው ስክሪፕት ያለው ደግሞ እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙን ለመጻፍ ኪቦርዱን፣ ኪቦርዱን ለማግኘት ስሙን እፈልጋለሁ። ስለዚህ በላቲን ፊደል ጻፍኩት። ስሙ ያው ጓዝ ነው።

ፎንት። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ አሁንም በፍላሽ ይዘውልን ይመጣሉ። ያ ፎንት ከሌለ የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ስለዚህ የድሮ ፎንቶችን ተጠቃሚው የራሱን ፎንት በሚያኖርበት ፎልደር አስቀምጬ ፋይሎቹ በጓዝ በኩል እንዲገቡ አደረግኩ። ለአዲስ ሥራ ለስክሪን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ለወረቀት አቢሲኒካን እጠቀማለሁ። አቢሲኒካ ወረቀት ላይ ሲወጣ የብራና ጽሑፍ ወዝ አለው፤ የጥሪ ካርድ ያሠሩ ሰዎች «ፊደሉ ያምራል» ይላሉ።

የፎንቶቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው ፎንትኮንፊግ ነው። መጀመሪያ አቢሲኒካን ከላይ አደረግኩት። ሜኑ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ሁሉ መልኩን ቀየረ። አቢሲኒካ የላቲን ፊደልም ስላለው እንግሊዝኛውንም እሱ ያዘው። ትክክለኛው አደራደር የላቲኑን ፎንት አስቀድሞ የግዕዙን ማስከተል ነው። ያኔ ስርዓቱ የመጀመሪያው ውስጥ ያጣውን ፊደል ብቻ ከሁለተኛው ይወስዳል።

ሐምሌ 12

የወረቀት መጠን። ይሄን ለብቻው የጻፍኩት አንድ ጊዜ ስላስለቀሰን ነው።

ያን ጊዜ የአንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አትመን ግርጌው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ቦታውን ስቶ ወጣ። ሙሉውን እንደገና አተምነው። ምክንያቱን ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የማሽኑ ቋንቋ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ወረቀትም የአሜሪካው ሌተር ነው ብሎ ይነሳል። ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ የምናትምበት ኤ4 210 በ297 ነው። 18 ሚሊ ሜትር ልዩነት ገጽ ላይ ብዙ ነው።

መፍትሔው ቋንቋውን መቀየር አይደለም። የወረቀቱን ክፍል ብቻ ለይቶ የኢትዮጵያን አማርኛ መስጠት ይቻላል። «ኤልሲ-ፔፐር» የምትባል አንዲት መስመር ናት። ሜኑው እንግሊዝኛ ሆኖ ይቆያል፣ ወረቀቱ ኤ4 ይሆናል። ጋሼን፣ የሱቁን ባለቤት፣ ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ይቺ መስመር ናት ያን ሁሉ ወረቀት የበላችው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። አሁን ግን ማሽን ብንቀይርም አትጠፋም።»

«እንግዲያው የሱቁንም ኮምፒውተር እንደዚሁ አርግልኝ» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ሐምሌ 13

አጭር ሥራ፣ ግን የወደድኩት። ተርሚናል ላይ ሰዓት ስጠይቅ በእኛ አቆጣጠር እንዲነግረኝ ፈለግኩ። የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ወደ ኋላ ነው። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ትቀድማለች፤ 6 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 3 ይመጣል። ስለዚህ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ ሌላ የሰዓት ክልል ሰጠኋት። መጠንቀቅ ያለብን ምልክቱ ላይ ነው። ፖዚክስ በሚባለው የዩኒክስ ዓይነት ሥርዓቶች ደንብ ወደ ኋላ የሚቀረው የሚጻፈው በመደመር ነው። ማይነስ 3 ለማለት ፕላስ 3 ይጻፋል። አሁን ከቀኑ 15 ሰዓት በሚለው ላይ 9 ይለኛል። የማሽኑን ሰዓት ራሱን አልነካሁም፤ እሱ ከተነካ ኢሜይልም የፋይል ቀንም ይዛባል።

ሐምሌ 15

ሁሉን የሚሰበስበውን ስክሪፕት ጻፍኩ። በባሽ ነው፣ 140 መስመር ገደማ። ፕሮግራም ይጭናል፣ ሊንክ ይተክላል፣ ዲኮንፍ ይሞላል፣ ወረቀቱን ያስተካክላል።

የመጀመሪያው ሙሉ ሙከራ ያለ ስህተት አለቀ። ዴስክቶፑ ግን ንቅንቅ አላለም። አንድም ሴቲንግ አልተቀየረም። ግማሽ ሰዓት ፈለግኩ። ለካ ስክሪፕቱን ከፊቱ «ሱዶ» ብዬ ነው ያስነሳሁት። ሱዶ ትእዛዝን በሩት፣ ማለትም በማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ፣ ስም ያስፈጽማል። በሱዶ ሲነሳ «ሆም» ማለት የእኔ ሆም አይደለም፤ የሩት ነው። ሊንኮቹ ሁሉ እዚያ ተተክለዋል። ዲኮንፉም የሩትን መዝገብ ሞልቷል።

አሁን ስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ማን እንዳስነሳው ያያል። ሩት ከሆነ «በራስህ ስም አስነሳኝ» ብሎ ይቆማል። ሱዶ የሚጠራው ፕሮግራም በሚጫንባቸውና ወረቀቱ በሚስተካከልባቸው መስመሮች ላይ ብቻ ነው። አንድ ትእዛዝ ከከሸፈም ስክሪፕቱ ወደ ቀጣዩ እንዳያልፍ አድርጌዋለሁ። ዝም ብሎ የሚያልፍ ስህተት ከሚጮኸው ይበልጥ ይጎዳል።

ሐምሌ 17

ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፈነ፣ ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ሄደ። የድሮው ላፕቶፕ ያኔውኑ ጠፋ። ስክሪፕቱ ፕሮግራም በመጫን መሃል ነበር።

መብራት ሲመጣ ቨርቹዋል ማሽኑን አስነስቼ ስክሪፕቱን ደገምኩት። አልጭንም አለ። ዲፒኬጂ፣ ፕሮግራም የሚጭነው የሥርዓቱ ክፍል፣ ሥራው መሃል ላይ ስለተቋረጠ የተጀመረው ይጨረስ ይላል። «ዲፒኬጂ ኮንፊገር» ብዬ ሁሉንም እንዲጨርስ አዘዝኩት፤ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ይቺን ትእዛዝ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ አስገባኋት። የተቋረጠ ነገር ከሌለ ምንም አታደርግም።

ከዚህ የወጣው ሀሳብ ግን ከመስመሯ ይበልጣል። ስክሪፕቱ በማንኛውም ቦታ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን እርምጃ ቢደገም የማይጎዳ ማድረግ አለብኝ። ባሽ ፋይል ላይ መስመር ይጨምር የነበረውን ክፍል አወጣሁት፤ ሦስት ጊዜ ቢነሳ ሦስት ጊዜ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ሆን ብዬ ቨርቹዋል ማሽኑን አምስት ጊዜ በተለያየ ቦታ አጠፋሁት። አምስቱንም ጊዜ ስክሪፕቱን ደገምኩት፤ ጨረሰ።

ሐምሌ 18

ያለ ኢንተርኔት መጫን። አፕት፣ የኡቡንቱ ፕሮግራም ማውረጃና መጫኛ፣ የሚያወርዳቸውን የፕሮግራም ፋይሎች የሚያስቀምጥበት የታወቀ ቦታ አለ። ከድሮው ማሽን ልገለብጣቸው ሄድኩ። ባዶ ነው። «አፕት» የሚለው አዲሱ ትእዛዝ ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ይሰርዛል። «አፕት-ጌት» የሚለው የቆየው ትእዛዝ ግን ያስቀምጣል። ስንት ጊዜ ያወረድኩት ዳታ እንዲህ ሲጠፋ እንደኖረ ሳስብ ከነከነኝ።

ከንጹሑ ስናፕሾት ተነስቼ 27ቱን ፕሮግራሞች በአፕት-ጌት «አውርድ ብቻ፣ አትጫን» በሚለው አማራጭ አወረድኳቸው። ንጹሕ ማሽን ላይ መሆኑ ግድ ነው። የድሮው ማሽን ላይ ቢሆን ከዚህ በፊት የተጫኑ ጥገኞችን (ፕሮግራሞቹ የሚፈልጓቸውን ሌሎች ፕሮግራሞች) አሉ ብሎ ያልፋቸው ነበር፤ አዲሱ ላይ ስደርስ ይጎድሉብኝ ነበር። ሁሉም ተደምሮ 412 ሜጋ መጣ። አንድ ጊዜ ከፈልኩ፤ ከአሁን በኋላ ለዚህ ዳታ አልከፍልም።

ሐምሌ 20

ፍላሹ። ጓዝን በቀጥታ ኮፒ ማድረግ አይሆንም። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ነው የተሠራው፤ ሊንክም የፋይል ፈቃድም አይዝም። ጊት «በንድል» የሚባል ነገር አለው። ሙሉ ታሪኩን በአንድ ፋይል ያሽገዋል። እዚያኛው ማሽን ላይ ከዚያ ፋይል ክሎን ይደረጋል (ሙሉ ቅጂው ይወጣል)፤ ከኢንተርኔት እንደማውረድ ያህል ነው። 2 ሜጋ እንኳ አልሞላም።

የኤስኤስኤች ቁልፌንም (ሌላ ማሽን ውስጥ በርቀት የምገባበትን) በዚያው ፍላሽ ሞክሬ ነበር። ከፍላሹ ሲመለስ ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚችል ፋይል ሆኖ ነው የመጣው። ኤስኤስኤች ደግሞ እንዲህ የተከፈተ የግል ቁልፍ አልጠቀምም ይላል። ፈቃዱን ማስተካከል ቀላል ነበር። ቆም ብዬ ሳስብ ግን ቁልፍ ኪስ ውስጥ በሚዞር ፍላሽ ላይ መኖር የለበትም። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን አዲስ ቁልፍ ይሠራል። የይለፍ ቃልም ሆነ የዋይፋይ ቁልፍ ጓዝ ውስጥ አይገባም። ይሄ ከእኔ ጋር የማይደራደር ደንብ ነው።

ሐምሌ 22

አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱን ጫንኩ። ዋይፋይ አጠፋሁ። ፍላሹን ሰካሁ። ተርሚናል ከፍቼ አንዷን ትእዛዝ ጻፍኩና ኢንተር አልኩ።

መጀመሪያ የተጫኑት ጊትና ስቶው ናቸው፤ ኡቡንቱ ላይ ከመነሻው የሉም። ከዚያ ሌሎቹ፣ ከዚያ ሊንኮቹ፣ ከዚያ ዴስክቶፑ። የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። ወጥቼ ገባሁ። ኪቦርዱን ለመቀየር ሱፐርና ስፔስ ተጫንኩ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ትልቋ ኢ አልኩ። «ደሴ» አለ ስክሪኑ። ሊብሬኦፊስ ከፈትኩ፤ ወረቀቱ ኤ4 ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ትናንት የጀመርኩትን ጥሪ ካርድ ከፈትኩ፤ ፊደሉ ልክ ነው።

ኡቡንቱ ተጭኖ ካለቀ እስከዚህ 19 ደቂቃ። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ቀን ነበር። ተነስቼ በሩ ላይ ቆሜ ዝናቡን አየሁ።

ሐምሌ 26፣ ኮምቦልቻ

እህቴ ኮምቦልቻ ትማራለች። የሷም ላፕቶፕ ተመሳሳይ ኡቡንቱ ነው። በዶልፊን ወረድኩ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ እንደጨረስን ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ጃኬቴን አወለቅኩ።

«ሴቲንጌን እንዳታጠፋብኝ» አለች ገና ከመቀመጤ።

«አብሽር፣ የነበረው ሁሉ ባክአፕ ይሆናል።»

ሠራ፤ ግን ሁለት ነገር አሳየኝ። የሷ ስክሪን 1366 በ768 ነው። የእኔ የፊደል መጠን እዚያ ላይ ገዘፈ። ሁለተኛ፣ የእኔ የኪቦርድ አቋራጮች የሷን ተክተውባት ተናደደች፤ ልክ ነች። የእኔ እጅ የለመደው የሷ እጅ የለመደው አይደለም። እዚያው ቁጭ ብዬ ጓዝን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ «የጋራ»፤ ኪቦርዱ፣ ፎንቱ፣ ወረቀቱ እዚህ ነው። ሌላው በማሽኑ ስም የሚጠራ ፎልደር ነው፤ የፊደል መጠንና አቋራጭ እዚያ ይገባል። ስክሪፕቱ የማሽኑን ስም አይቶ የራሱን ብቻ ይወስዳል።

የሷን አቋራጮች ከባክአፑ መለስኩላት። ከዚያ «ዲኮንፍ ዋች»ን አሳየኋት። አንዷን ሴቲንግ ነካች፤ መስመሯ ብቅ ስትል ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች። የራሷን ፎልደር ራሷ ሞላችው፤ በየመስመሩ ላይም ለምን እንደሆነ በአማርኛ ጻፈች። ወደ ማታ ኮሚት አደረግነው፣ በንድሉን አዲስ አድርገን ፍላሹ ላይ ጫንነው፣ አንድ ኮፒም እሷ ጋ ቀረ።

ነገ ጠዋት የጋሼ ኮምፒውተር ተራ ነው። የሱቁ ማሽን ሁለት ፕሪንተር አለው። እነሱን እስካሁን ጓዝ ውስጥ አላስገባሁም። ከእነሱ እጀምራለሁ።